ላፕቶፑ፣ ታብሌቱና የቦዩ ውል

በጥር ወር አንድ ረቡዕ ጧት ጠበቃው አቶ ወንድምአገኘሁ ይስማው ከደሴው ሰኞ ገበያ ወደ ኮምቦልቻ በምትወርድ ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጠው ሰው እስኪሞላ ይጠብቁ ነበር። ጉልበታቸው ላይ ጥቁር የላፕቶፕ ቦርሳ አለ። ቦርሳው ውስጥ ላፕቶፑ ብቻ አልነበረም፤ ጡብ የሚያክል ቻርጀር፣ የማካፈያ ገመድ፣ ፍላሽና ለሁሉም ይሁን ተብሎ የተያዘ ባዶ ወረቀት ታጭቆበታል። ሐኪም ወገባቸውን መርምሮ "ከባድ ነገር እንዳይሸከሙ" ካላቸው ቆይቷል። እሳቸው ግን ይህን ቦርሳ ከከባድ ነገር ቆጥረውት አያውቁም።

አቶ ወንድምአገኘሁ በደሴ ከተማ በጠንቃቃነታቸው የተመሰገኑ ጠበቃ ናቸው። ብቻ ጥንቃቄያቸው የት ላይ አብቅቶ ጥርጣሬያቸው የት ላይ እንደሚጀምር ለራሳቸውም አይለይላቸውም። ባለጉዳይ ሻይ ሲጋብዛቸው "ምን ሊለኝ ነው?" ይላሉ። የተቃራኒ ወገን ጠበቃ ፈገግ ብሎ ሰላም ካላቸው፣ ያን ቀን ቤታቸው ገብተው መዝገቡን እንደ አዲስ ያነቡታል።

አንዲት ወጣት ከጎናቸው ያለውን ባዶ ቦታ አይታ ገባችና፣

"እንደምን አደሩ ጋሼ? አወቁኝ?" አለች። "ሰልዋ ነኝ፤ የበሺር ልጅ።"

"የጨርቅ ነጋዴው በሺር? ማሻአላህ! አድገሻል እኮ። ሕግ ጨረሰች ሲሉ ሰምቻለሁ።"

"የጥብቅና ፈቃዴንም አወጣሁ፣ አልሐምዱሊላህ። ዛሬም እርስዎ ወደሚሄዱበት ነው የምሄደው።"

አቶ ወንድምአገኘሁ ቦርሳቸውን ወደ ደረታቸው ሳብ አደረጉት። "እኔ የምሄድበትን በምን አወቅሽ?"

"የአቶ ተውፊቅ ጠበቃ እኔ ነኝ፤ ካለፈው ሳምንት ጀምሮ።"

ሚኒባሷ ተንቀሳቀሰች። ጠበቃው የቦርሳቸው ዚፕ መዘጋቱን አረጋገጡ። የበሺርን ልጅ ያዩ ጊዜ የተሰማቸው ደስታ በአንድ አፍታ ተገፎ በቦታው የለመዱት ጥርጣሬ ተቀመጠ። ከዚህ ሁሉ ወንበር ለምን እሳቸው አጠገብ መጣች?

ጉዳዩ እንዲህ ነው። ወይዘሮ ገበያነሽ የሚባሉ ባላቸው የሞቱባቸው ሴትና ተውፊቅ የሚባል ገበሬ በደሴ ዙሪያ ጎን ለጎን ጎመንና ካሮት ያለማሉ። ሁለቱም የሚያጠጡት ከአንድ ምንጭ በሚወርድ አንድ ቦይ ነው። የገበያነሽ ባል በሕይወት ሳሉ ተራው ተከብሮ ይኖር ነበር። እሳቸው ሲሞቱ ተራ ተዛባ፣ የሴትየዋ ጎመን በቁሙ ደረቀ፣ የሁለቱ ወገን ዘመዶችም ዱላ እስከ መማዘዝ ደረሱ። ክሱ ፍርድ ቤት ከገባ በኋላ "እስቲ በሽምግልና ሞክሩት" ተባለ። የሽምግልናው ቀን ያ ረቡዕ ነበር።

ሰልዋ ከተራ የእጅ ቦርሳዋ ሰፋ ያለ ስስ ነገር አወጣችና ሽፋኑን ገለጠች። አቶ ወንድምአገኘሁ በዓይናቸው ጥግ ተመለከቱት።

"ይኼ ምንድን ነው?"

"ታብሌት ነው ጋሼ፤ ሰፊው ዓይነት።"

"ላፕቶፕሽስ?"

"ቤት ነው ያለው። ከቤት ስወጣ ይዤው መሄድ ትቻለሁ።"

"ልጆች ካርቱን የሚያዩበት አይደለም እንዴ? የልጅ ልጄም አላት። ያለሱ አልጎርስም ትላለች።"

ሰልዋ ሳቀች። "የእሷ ትንሿ ትሆናለች። የዚህ ስክሪን ግን ከእርስዎ ላፕቶፕ ስክሪን ብዙም አያንስም። ኪቦርዱ ሽፋኑ ላይ ነው፤ መጻፍ ስፈልግ እገጥመዋለሁ፣ ማንበብ ብቻ ስፈልግ እነቅለዋለሁ።"

"የሚነቀል ነገርማ አንድ ቀን ሚኒባስ ላይ ተረስቶ ይቀራል።"

"እሱስ እውነት ነው፤ አንዴ ረስቼው አሯሩጦኛል።"

"ለመሆኑ ክስ ይጻፍበታል?"

"ክስም መልስም እጽፍበታለሁ።"

"ረጅም ይግባኝ? አራት አምስት ሰነድ ጎን ለጎን ዘርግተሽ?"

"እንደዚያ ሲሆን ላፕቶፑ ይሻለኛል፤ አልዋሽዎትም።"

"አየሽ!" አሉ አቶ ወንድምአገኘሁ፣ ምስክርን በመስቀለኛ ጥያቄ እንዳጠመዱ ሁሉ። "ታዲያ በላፕቶፕ የማይሠራ ምን ነገር ቢኖረው ነው ይህን የተሸከምሽው?"

"እንደዚያ ያለ ሥራ በወር ስንቴ ይገጥመናል ጋሼ? የቀረው ቀናችን እኮ ማንበብ ነው፤ ከሰው ጋር መነጋገር፣ ሰነድ ማሳየት፣ አንድ ሁለት ገጽ መጻፍ ነው። ለዚያ ይህ ይበቃኛል። ቀኑን ሙሉም ባትሪው ይቆይልኛል።"

አቶ ወንድምአገኘሁ ታብሌቱን አዩት። ከላዩ ላይ አንዲት ትንሽ ክብ የካሜራ ዓይን አፍጣባቸዋለች።

"አሁን የምናወራውን እየቀዳ አይደለም?"

"ኧረ ጋሼ! ወላሂ አይቀዳም።"

"አይቀዳም ስትዪ አይችልም ማለትሽ ነው? ወይስ አላዘዝሽውም?"

"ይችላል፤ አላዘዝኩትም። የእርስዎ ላፕቶፕም ይችላል። ኪስዎ ውስጥ ያለው ስልክም ይችላል።"

ጠበቃው እጃቸው ሳያስቡት ወደ ኪሳቸው ሄደ። ከዚያ በኋላ እስኪወርዱ ድረስ ስለ አየሩ እንጂ ስለ ሌላ ነገር አላነሱም።

ከዋናው መንገድ ወርደው በእግር መንገድ ሲሄዱ ሰልዋ የሳቸው ወገብ ሲጎብጥ አይታ "ቦርሳውን ላግዝዎት?" አለች። አቶ ወንድምአገኘሁ "ለምጄዋለሁ" ብለው እምቢ አሉ። በሆዳቸው ግን "ቦርሳዬን ለተቃራኒ ጠበቃ? ያበድኩ መሰላት!" እያሉ ነበር። አዛውንቱ ላብ እያጠመቃቸው፣ ወጣቷ እጇን እያወዛወዘች ከማሳው ደረሱ።

ሽማግሌዎቹ በባሕር ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። በመካከላቸው ሼህ አብዱልወሀብ አሉ። ሼህ አብዱልወሀብ የአካባቢው የውሃ አባት ናቸው፤ ማን በየትኛው ቀን ውሃ እንደሚያጠጣ የሚወስኑትና ሲጣሉ የሚዳኙት እሳቸው ናቸው። ወይዘሮ ገበያነሽ በአንድ ወገን፣ ተውፊቅ በሌላ ወገን ፊታቸውን አዙረው ተቀምጠዋል።

ንግግሩ ረጅም ነበር። ያለፈው በደል ሁሉ ተቆጠረ፤ የደረቀው ጎመን፣ የተሰበረው የቦይ መዝጊያ፣ በለቅሶ ቤት የተነፈገው ሰላምታ። ፀሐይዋ አናት ላይ ስትደርስ ግን ነገሩ ረገብ አለ። ሼህ አብዱልወሀብ እንዲህ ሲሉ ደመደሙ፦

"ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ለገበያነሽ ይሁን። ማክሰኞ፣ ሐሙስና እሑድ ለተውፊቅ። ዓርብ ተውፊቅ ጁምዓ አለበት፤ እሑድ ገበያነሽ ቤተ ክርስቲያን አለባት። ማንም ማንንም አይሻማም። ቅዳሜ ከታች ላሉት ይለቀቅ። ተስማማችሁ?"

"ተስማማሁ" አሉ ወይዘሮ ገበያነሽ፣ መሬት መሬት እያዩ።

"እኔም" አለ ተውፊቅ።

"እንግዲያው ሰው ሳይበተን አሁኑኑ ይጻፍ። አምና በመጋቢትም እዚሁ ተስማምታችሁ 'ነገ እንጽፈዋለን' ተባለ። ነገ ሲመጣ ሁለታችሁም ሌላ ነገር ተናገራችሁ።"

አቶ ወንድምአገኘሁ ይህችን ቃል ሲጠብቁ ነበር። ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ላፕቶፓቸውን ጭናቸው ላይ ከፈቱ። በስክሪኑ ላይ ያዩት ግን የገዛ ፊታቸውንና ከኋላቸው ያለውን ሰማይ ነው። በኮታቸው ጋርደው አጎንብሰው ሲያዩ ደግሞ ባትሪው ሊያልቅ እንደሆነ ማስጠንቀቂያ ወጥቷል። ባትሪው አርጅቶ ያለ መብራት ብዙም አይቆይም። ዘወትር የሚሠሩት ሶኬት አጠገብ ስለሆነ ነገሩን ልብ ብለውት አያውቁም ነበር።

"እዚህ ቅርብ መብራት ይኖራል?"

"መብራት ከትናንት ጀምሮ የለም" አለ ተውፊቅ።

የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ሳይጨርሱ ስክሪኑ ጠፋ። አቶ ወንድምአገኘሁ ክዳኑን ዘግተው ወረቀት አወጡ። "በእጄ እጽፈዋለሁ" አሉ። ጀመሩም። ነገር ግን ውሃው ለሁለት የሚከፈልበት ቦታ የት እንደሆነ ሲጻፍ ጭቅጭቅ ተነሣ። ገበያነሽ "ከትልቁ ድንጋይ በላይ" ሲሉ ተውፊቅ "ከድንጋዩ በታች" ይላል፤ ሽማግሌዎቹ ደግሞ ድንጋዩ የትኛው እንደሆነ አልተስማሙም። ጠበቃው እየሰረዙ፣ እየደለዙ፣ ነፋሱ ወረቀቱን እያራገበባቸው፣ የጻፉትን ራሳቸውም ማንበብ አቃታቸው።

ያን ጊዜ ሰልዋ ተነሥታ ወደ ቦዩ ሄደች፤ በታብሌቱ ፎቶ አንስታም ተመለሰች። ታብሌቱን ሽማግሌዎቹ መካከል ጋቢ ላይ አስተኝታ ስክሪን ላይ በሚጽፍ ብዕሯ ፎቶው ላይ አንድ ቀይ መስመር ሳበች።

"አባባ፣ ቦዩ ይኼ ነው። ውሃው የሚከፈለው እዚህ ነው ወይስ እዚህ?"

ሼህ አብዱልወሀብ አጎነበሱ። ሌሎቹም ከበቡ። ፊታቸውን አዙረው የነበሩት ገበያነሽና ተውፊቅ ሳይታወቃቸው ጭንቅላታቸው ሊነካካ ደረሰ።

"እዚህ ነው፤ ከዚህች ግራር ሥር" አሉ ሼሁ በጣታቸው እያመለከቱ።

"አዎ፣ እሱ ነው! እኔም እሱን ነበር የምለው" አሉ ወይዘሮ ገበያነሽ።

"እኔስ ሌላ መቼ አልኩ?" አለ ተውፊቅ።

ሰልዋ በተባለው ቦታ ክብ ምልክት አደረገች። ብዙ ወረቀት ያበላሸው ክርክር በዚህ አበቃ። አንዱ ሽማግሌም "ጽሑፉም በዚሁ ይሁን እንጂ" አሉ።

አቶ ወንድምአገኘሁ የላፕቶፑን ማብሪያ ደግመው ተጫኑ፤ አልበራም። የደንበኛቸው ውል በተቃራኒ ጠበቃ ዕቃ ላይ ሊጻፍ ነው! ሆኖም ሕዝቡ ፈልጎታል፤ ላፕቶፑም ሞቷል። ስለዚህ እንዲህ አሉ፦

"እሺ፤ ግን ቅድመ ሁኔታ አለኝ። በመጀመሪያ ኔትወርኩ ይጥፋ። ከዚያም እኔ ቃል በቃል እናገራለሁ፣ አንቺ ትጽፊያለሽ። ሲያልቅ ዕቃውን እኔ ይዤ አነበዋለሁ።"

"ሁሉም ይሁን፣ ጋሼ" አለች ሰልዋ። ኔትወርኩን አጥፍታ አሳየቻቸው፣ ኪቦርዱን ገጠመች። ጠበቃው ተናገሩ፣ እሷ ጻፈች። ሲያልቅ ኪቦርዱን ነቅላ ታብሌቱን በሁለት እጇ አቀበለቻቸው። አቶ ወንድምአገኘሁ በአንድ መዳፋቸው ደግፈው በሌላው ጣት ጽሑፉን ወደ ላይ እየገፉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ማንበብ ጀመሩ።

"ሰኞ... ረቡዕ..." ብለው ቆሙ። እንደገና አነበቡት። ደም ወደ ፊታቸው ወጣ።

"ዓርብ የት ሄደ?"

"ምን አሉ ጋሼ?"

"ዓርብ! የደንበኛዬ ዓርብ የት ሄደ? ተናግሬ አጽፌሻለሁ። ዓርብ የለም! እኔ ድሮም ጠርጥሬ ነበር። ይህን ዕቃ ከጧት ጀምሮ የምታሽሞነሙኚው ለዚህ ነው?"

ወይዘሮ ገበያነሽ ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሡ። "እኔስ እርቅ መስሎኝ!" አሉ በተሰበረ ድምፅ።

"ጠበቃዬን ሌባ አሉ?" ሲል ተውፊቅም ብድግ አለ። ሽማግሌዎቹ መካከል ገብተው "ተው! ተው!" አሉ። ግማሽ ቀን የተለፋበት እርቅ በአንድ ቃል ሊፈርስ ነው።

ሰልዋ ግን አልጮኸችም።

"ጋሼ፣ ታብሌቱ እጅዎ ላይ ነው። እኔ አልነካውም። ከላይ በኩል ወደ ኋላ የተጠመዘዘች ቀስት ትታያለች፤ እርስዎ ራስዎ አንድ ጊዜ ይንኳት።"

"ምን ታደርጋለች?"

"በመጨረሻ የሆነውን ነገር ወደነበረበት ትመልሳለች።"

ጠበቃው ጣታቸውን አስነክተው ወዲያው አነሡ። "ዓርብ" የሚለው ቃል ከነሙሉ መስመሩ ቦታው ላይ ተመልሶ ቁጭ አለ።

"ተጽፎ ነበር ማለት ነው" አሉ ሼህ አብዱልወሀብ በትከሻቸው በኩል እያዩ። "ታዲያ ማን አጠፋው?"

መልሱ ለሁሉም ታይቷል፤ ከሰልዋ እጅ ከወጣ ወዲህ ዕቃውን የያዙት አንድ ሰው ብቻ ናቸው። ጣታቸው መስመሩን ሳያውቁት መርጦታል፤ መዳፋቸው ስክሪኑ ላይ የወጣውን ማጥፊያ ነክቷል።

አቶ ወንድምአገኘሁ ከዚያ በፊት በሰው ፊት ይቅርታ ጠይቀው የሚያውቁ አይመስለኝም። ያን ቀን ግን ተነሥተው ቆሙ።

"ልጄ፣ በድዬሻለሁ። በሕዝብ ፊት ስምሽን በክፉ አንስቻለሁና በሕዝብ ፊት ይቅር በይኝ።"

"አብሽሩ ጋሼ" አለች፤ ዓይኗ ግን እንባ አቅርሯል። "ጥፋቱ የእርስዎ ብቻ አይደለም። ላፕቶፕ ሰው ሲደገፈው ዝም ይላል፤ ይህ ግን የነካውን ሁሉ እንደ ትእዛዝ ነው የሚቆጥረው። እኔንም ስንት ጊዜ አድርጎኛል። ለንባብ ስሰጥዎት ጽሑፉን መቆለፍ ነበረብኝ፤ ረሳሁት።"

ከመሣሪያ እንከን አይጠፋም፤ እንከኑን አውቆ መጠንቀቅም የባለሙያ ወጉ ነው። አቶ ወንድምአገኘሁ ግን የማያውቁትን ዕቃ ፈርተው የሚያውቁትን ሰው ልጅ ሌባ አደረጉ። ዕቃውን ቢጠይቁት ኖሮ በአንዲት ቀስት ይመልስላቸው ነበር።

ወይዘሮ ገበያነሽ እንደገና እንዲቀመጡ ሼህ አብዱልወሀብ ብዙ ለመኗቸው። ተቀመጡም። ሰልዋ በስክሪኑ ላይ በብዕር መፈረምም እንደሚቻል ስትናገር ግን አቶ ወንድምአገኘሁ "በዚህ እንኳ አልሸነፍም። ውል በወረቀት፣ ፊርማ በቀለም" አሉ፤ እሷም "እኔም እንደዚያው ነው የምመክረው" አለች። በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ተስማሙ።

ባለጉዳዮቹና ጠበቆቹ ከሼህ አብዱልወሀብ ጋር ኮምቦልቻ ወረዱ። ሙቀቱ ከደሴ ብርድ ለመጣ ሰው ኮት የሚያስወልቅ ነው። ጄነሬተር ያለው አንድ የጽሕፈትና የኅትመት ሱቅ አገኙ። ሊታተም ሲል ወይዘሮ ገበያነሽ እንደ ልማዳቸው፣

"እስቲ አንድ ጊዜ አንብቡልኝ፤ አንቱ ካላነበባችሁልኝ ልቤ አያርፍም" አሉ።

አቶ ወንድምአገኘሁ ሊያነቡ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሰልዋ ግን "እሳቸው ፊደል አልቆጠሩም?" ብላ ጠየቀች።

"መሠረተ ትምህርት ተምሬያለሁ፣ ልጄ። ዛሬ ዛሬ ግን ዓይኔ ደክሞ ጽሑፉ ጉንዳን ይመስለኛል።"

"ሊጎላ ይችላል እኮ።"

በዚህ ጊዜ አቶ ወንድምአገኘሁ ራሳቸው ጽሑፉ መቆለፉን አረጋገጡ። ከዚያም ሰልዋ እንዳሳየቻቸው ሁለት ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ ዘረጉ። ፊደሎቹ የባቄላ ፍሬ አከሉ። ታብሌቱን በደንበኛቸው ጭን ላይ አስቀመጡት።

ወይዘሮ ገበያነሽ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ፣ ጣታቸውን በእያንዳንዱ ፊደል ሥር እያስኬዱ ማንበብ ጀመሩ። ማንም አላቻኮላቸውም። የአታሚው ጄነሬተር ያጓራል፤ እሳቸው ያነባሉ። ስማቸው ላይ ሲደርሱ ፈገግ አሉ። ዓርብ ላይ ሲደርሱ አቶ ወንድምአገኘሁን ቀና ብለው አዩና ቀጠሉ። ከዚያ በኋላ አንድ ቦታ ላይ ጣታቸው ቆመ።

"'ውሃው ለመስኖ ብቻ ያገለግላል።' ይኼ 'ብቻ' ከየት መጣ?"

"የተለመደ አጻጻፍ ነው፣ እመቤት። ለጥንቃቄ ያህል እኔ ያስገባሁት ነው" አሉ ጠበቃው።

"ታዲያ በበጋ የመንደሩ ሴቶች ከቦዩ የሚቀዱት ውሃ ሊቀር ነው? ምንጩ ድረስ መውጣት የማይችሉ አሉ። የተውፊቅ እናትም ከዚያው ነው የሚቀዱት።"

ተውፊቅ ከተደገፈበት ግድግዳ ተላቀቀ። "ወላሂ እውነታቸውን ነው! የገዛ እናቴን ልከለክል ነው እንዴ የምፈርመው?"

አቶ ወንድምአገኘሁ ያችን ቃል በስንት ውል ላይ እንደጻፏት አሰቡ። ለስንት ሰው ጮክ ብለው እንዳነበቡና ስንቱ ሳይገባው ራሱን እየነቀነቀ እንደፈረመ አሰቡ። ቁልፉን ከፍተው "ብቻ" የምትለዋን ቃል በገዛ ጣታቸው አጠፉ። በቦታዋም የመንደሩ ሰው ለመጠጥ መቅዳት እንደማይከለከል ጻፉ። ሁሉም ካየው በኋላ ታተመ፤ ተፈረመ። ተውፊቅ ለወይዘሮ ገበያነሽ እጁን ሲዘረጋ እሳቸው ጎትተው ጉንጩን ሳሙት።

ባለጉዳዮቹ ሲለያዩ ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። ሁለቱ ጠበቆች አንድ ምግብ ቤት ገቡ። ረቡዕ ስለሆነ የጾም በየዓይነቱ አዘዙ፤ ለሁለቱም የሚሆን ነውና ከአንድ ትሪ በሉ።

"እስቲ አሁን በሰላም እንከራከር" አሉ አቶ ወንድምአገኘሁ። "ዕቃው ቢሰረቅስ? የደንበኞችሽ ምሥጢር በሙሉ በሌባ እጅ አይወድቅም?"

"ያለ እኔ ጣት አይከፈትም፤ የሰነዶቼንም ቅጂ ሌላ ቦታ አስቀምጣለሁ። የእርስዎ ላፕቶፕ ሲከፈት ምን ይጠይቃል?"

"ምንም አይጠይቅም" አሉ ጠበቃው እየጎረሱ።

"እንግዲያው ዛሬ ማታ የይለፍ ቃል ያስገቡበት።"

"እሺ። ግን ሁሉም ሰው ላፕቶፑን ጥሎ ይህን ይያዝ ነው የምትዪው? እዚህ ኮምቦልቻ ፋብሪካዎች ውስጥ ያሉት የሒሳብ ሠራተኞች ሳይቀሩ?"

"አልልም። ሰፊ የሒሳብ ሠንጠረዥ ቀኑን ሙሉ የሚሠራ ሰው ላፕቶፕ ያስፈልገዋል። ወንድሜ መሐንዲስ ነው፤ የሚሠራበት ፕሮግራም እዚህ ላይ አይገባለትም። የሚሸጥም ሰው 'ሁሉንም ይተካል' ቢልዎት አይመኑት።"

"ነጋዴ ብትሆኚ ኖሮ እንዲህ አትዪም ነበር።"

"እኔ የምለው ይህን ነው፣ ጋሼ። ሰው ዕቃ ከመግዛቱ በፊት ሥራውን ይይ። ቀኑን የሚያሳልፈው ጠረጴዛ ላይ ነው ወይስ ከሰው ጋር? ተማሪ ነው? ነርስ ነው? ጠበቃ ነው? በእግሩ የሚዞር ሰው፣ ቆሞ የሚጽፍ፣ ለሌላ ሰው የሚያሳይ ከሆነ ይህኛው ይበልጥበታል። ለቤት ሥራም ቢሆን፣ ደብዳቤ ለመጻፍ፣ ለማንበብ፣ ዘመድ ለማነጋገር ይበቃል።"

አቶ ወንድምአገኘሁ እጃቸውን አብሰው ወደ ኋላ ደገፍ አሉ።

"እኔን ያሳመነኝ ባትሪው አይደለም፤ ክብደቱም አይደለም" አሉ ቀስ ብለው። "ላፕቶፕ ስከፍት ክዳኑ በእኔና በባለጉዳዩ መካከል ይቆማል። እኔ ስክሪኑን አያለሁ፣ እሱ የክዳኑን ጀርባ ያያል። ገበያነሽን ሁለት ዓመት አስቀምጫቸው የጻፍኩትን ሁሉ፣ አንድ ቀን እንኳ በዓይናቸው አላዩትም ነበር። እኔ ደግሞ ሌላውን ሁሉ ስጠረጥር፣ እሳቸው እኔን የሚጠረጥሩበት መንገድ እንኳ አልሰጠኋቸውም።"

ሰልዋ ትሪው ላይ የቀረውን ሽሮ ወደ እሳቸው በኩል ገፋ አደረገችላቸው።

አቶ ወንድምአገኘሁ በማግስቱ ሮጠው ታብሌት አልገዙም፤ እንዲህ ያለ ጠባይ የላቸውም። ሱቅ ለሱቅ ዞረው ጠየቁ፣ ሻጮችን በመስቀለኛ ጥያቄ አስጨነቁ፣ የአማርኛው ኪቦርድ በደንብ መሥራቱን ቆመው ሞከሩ። ከፋሲካ በኋላ ሰፊውን ዓይነት ገዙ። ላፕቶፑ ሶኬት ላይ እንደተሰካ ከቢሮ ጠረጴዛቸው ላይ ቀርቷል፤ ረጅም ይግባኝ ሲኖር ይሠሩበታል። ወደ ችሎትና ወደ ገጠር ሲወጡ የሚይዙት ስሱን ነው። ወገባቸው ቀና ብሏል። መብራት ሲጠፋ ሥራቸው አይቋረጥም፤ የመሬት ክርክር ሲገጥማቸው ማሳውን በፎቶ አንስተው ድንበሩን በባለጉዳዮቹ ፊት ያሰምራሉ።

ጥርጣሬያቸውስ? እሱን አልተዉትም። ዛሬም ጽሑፉን ቆልፈው ነው ለሰው የሚሰጡት፤ እያንዳንዱን መስመርም ደግመው ያያሉ። ግን አሁን ከሰው አስቀድመው የገዛ መዳፋቸውን ይጠረጥራሉ።

ቢሯቸው ውስጥ ደግሞ አንድ ነገር ተለውጧል። ቀድሞ ከጠረጴዛው ማዶ የነበረው የባለጉዳይ ወንበር ዛሬ ከሳቸው ወንበር ጎን ነው ያለው። የመጣ ሰው ሁሉ እዚያ ይቀመጣል፤ እሳቸው ሲጽፉ እሱ ያያል፣ ያልገባው ቃል ላይ ሲደርስም "ቆይ እስቲ፣ ይኼ ምን ማለት ነው?" ይላቸዋል።